የቁጥር አራት የኋላ ግራ እግር

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር አቶ አምሐ ቃለጽድቅ
በምዕራብ መብራትና ምሰሶ ጥገና ድርጅት
የተሽከርካሪ ደህንነት መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምንም ችግር ያልታየበት ስለመሆኑ የተመሰከረለትን መኪና ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለጸሐፊዎም፣ በር ላይ ለሚቆሙት ዘብ ጭምር መልካም ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ የእግሮችዎን ደህንነት አብዝቼ እመኛለሁ፤ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ሲውል እግር እንዳለው እንኳ ሊዘነጋ ይችላልና። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንገቴ አልዞር ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ደጅዎ ቆሜ ስለነበር መልኬን ሳያስታውሱት አይቀሩም። ሆኖም ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ። ባምላኩ ወልደሰንበት እባላለሁ። በድርጅትዎ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት የመሬት ሠራተኛ ሆኜ አገልግዬ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመሬት ሠራተኛ ማለት፣ የመንገድ መብራት የሚጠግነው ባልደረባ በመኪናው ቅርጫት ገብቶ ወደ ምሰሶው ጫፍ ሲወጣ፣ ታች ቀርቶ የመኪናውን አራት መደገፊያ እግሮች ዘርግቶ መሬት የሚያስረግጥ፣ እንዳይሸሹ የሚጠብቅ፣ መንገደኛውንም በዚያ በኩል እለፉ የሚል ሰው ነው። ላይ ያለው ሰው በሕይወት ወደ መሬት የሚመለሰው በእነዚያ አራት እግሮች ነው። ይህን እርስዎ በመመሪያ ቁጥር ያውቁታል፤ እኔ ያወቅሁት በሌላ መንገድ ነው።

ከሃያ ሁለቱ ዓመት አሥራ ዘጠኙን የሠራሁት ከጥሩነህ ጋር ነበር። እሱ ላይ፣ እኔ ታች። ከፊቱ ይልቅ የጫማውን ሶል አውቀው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ የቀኝ ተረከዙ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ያልቅ ነበር። ስለ ልጁ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ጥርስ ሕመሙ የምናወራው ሁሉ እሱ ወደ ታች እኔ ወደ ላይ እየጮህን ስለነበር፣ ከአየር ጤና እስከ ቆሼ ያለ መንገደኛ የቤታችንን ጉዳይ ሁሉ ያውቅ ነበር። ምሳችንን ከአንድ ምሳ ዕቃ በመኪናው ጥላ ሥር እንበላለን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በቀን ውስጥ የራሴን ድምፅ የምሰማው ከጥሩነህ ጋር ሳወራ ብቻ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በአቤቱታ ክቡርነትዎን ማስቸገር ነውር መስሎ ስለታየኝ ደብዳቤዬን በምስጋና መልክ አዘጋጅቼዋለሁ። በቁጥር የከፋፈልኩትም በመምሪያዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይነበብ ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ ነው።

1. በመጀመሪያ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። የመኪኖቹ ፋብሪካ ባለፈው ሚያዝያ ከባሕር ማዶ በላከው ደብዳቤ፣ በኋላ እግሮቹ ውስጥ ዘይቱን ቆልፎ የሚይዘው መዝጊያ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጉድለት እንዳለበት፣ በዚህም የተነሳ እግሩ መሬት ከረገጠ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሊሸሽ እንደሚችል ገልጾ፣ መኪኖቹ ሁሉ ከሥራ ወጥተው ለጥገና እንዲጠሩ አሳስቧል። እርስዎም ይህን ለሠራተኛው ለማሳወቅ ጊዜ አላጠፉም። ማስታወቂያው የተለጠፈው የሻይ ክበቡ በር ሲከፈት በሚሸፍነው ግድግዳ ላይ መሆኑ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ታስቦ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ ያየሁት ለጡረታ ወረቀቴ መጥቼ በሩን ከኋላዬ በመዝጋቴ ነው፤ እናቴ በር መዝጋትን ስላስተማረችኝ እሷንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

2. ሁለተኛ፣ ከአሥራ አንዱ መኪኖች አሥሩ እንዲጠሩ ሲደረግ አንዱ፣ ማለትም ቁጥር አራት፣ በሥራ ላይ እንዲቆይ ስለወሰኑበት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ምክንያቱ በማስታወቂያው ግርጌ በግልጽ ሰፍሯል፤ "በዕለት መፈተሻ ቅጹ መሠረት ለስድስት ተከታታይ ዓመታት በእግሮቹ ላይ ምንም ችግር ያልታየበት በመሆኑ" ይላል። ቁጥር አራት በሐምሌ 2016 ጥሩነህን ይዞ የወደቀው መኪና ነው። ስለዚያ አደጋ የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ዝናብ የጠጣውን መሬት ጥፋተኛ አድርጎ ጉዳዩን ስለዘጋው፣ በመኪናው ላይ የተመዘገበ ጉድለት የለም። መሬቱን ተጠያቂ ማድረግዎ እጅግ የበሰለ ውሳኔ ነበር። መሬት ጠበቃ አያቆምም፣ ይግባኝም አይልም።

3. ሦስተኛ፣ በጡረታ መሸኛዬ ዕለት ስለሰጡኝ የምስክር ወረቀት። "ለስድስት ዓመት እንከን የለሽ የተሽከርካሪ መዝገብ" ይላል። ከደብዳቤው ጋር መልሼ ልኬዋለሁ፤ መስታወቱ አልተሰበረም።

4. አራተኛ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ "በቅጹ ላይ የፈረምኩት ሁሉ ሐሰት ነው፤ የመኪናው እግር ይሸሻል" ባልኩ ጊዜ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ። በመጀመሪያው ቀን ጡረተኛ በተሽከርካሪ ጉዳይ እንደማያገባው ተገለጸልኝ። በሁለተኛው ቀን የተዘጋ ቅጽ ሊታረም የሚችለው በአሁኑ ሰዓት በመኪናው ላይ በተመደበ ሠራተኛ ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ክቡርነትዎ ራስዎ ከቢሮ ወጥተው፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "አባት፣ እኛ እኮ የምናምነው ፊርማዎን ነው" አሉኝ። ይህን ያህል የታመንኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ያመኑት ግን በዋሸሁበት ነገር ሆነ።

5. አምስተኛው ቁጥር ለእርስዎ አይደለም፤ ለራሴ የያዝኩት ስለሆነ ይቅርታዎን ጠይቄ ጥቂት አረዝመዋለሁ።

ቁጥር አራት አዲስ ሆኖ በመጣ በሁለተኛው ወር የኋላ ግራ እግሩ መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ ያወቀው ጥሩነህ ነው። ከላይ ሆኖ "ባምላኩ፣ ኧረ ይቺ መኪና ወደ አንተ እያዘነበለች ነው፣ ናፍቀሃት ነው እንዴ?" አለኝ። አውርጄው ስናይ እግሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። በማግስቱ ከፈረሰው የአባቴ ቤት የማዕዘን ምሰሶ የተረፈውን፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የጽድ ጉማጅ ከቤት አመጣሁና ከእግሩ ጎን፣ በመኪናው ወገብ ሥር አቁሜ በሽብልቅ አጠበቅሁት። ከዚያ ወዲያ እግሩ ቢሸሽ እንኳ መኪናው እንጨቱ ላይ ስለሚያርፍ ንቅንቅ አይልም። ጥሩነህ እንጨቱን "ምክትል" ብሎ ሰየመው። ክቡርነትዎን ለመንካት አልነበረም፤ በድርጅቱ ውስጥ ሸክም የሚችል ምክትል ያየነው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ለምን አላመለከታችሁም ይሉኝ ይሆናል። የዕለት መፈተሻ ቅጹ "አራቱም እግሮች በትክክል ይሠራሉ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም አዎ ወይም አይ ነው። አይ የተባለ መኪና ይቆማል። መኪና ሲቆም ደግሞ፣ በድርጅታችን የቆየ ልማድ፣ ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ በማግስቱ ለየብቻ ወደ ሌላ መኪና ይበተናሉ። አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ። እንዲህ ተበትኖ ተመልሶ የተገናኘ ቡድን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አላየሁም። እኔ ከጥሩነህ መለየት አልፈለግሁም። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የተከበረ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። የማላውቀው ሰው ጫማ ሥር ቆሜ፣ ምሳዬን ለብቻዬ በልቼ፣ ማታ ወደ ባዶ ቤት መግባትን ፈራሁ። ስለዚህ በየማለዳው ምክትልን አቁሜ፣ ቅጹ ላይ አዎ ብዬ፣ ፈረምኩ። ስድስት ዓመት አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ ዕረፍት እንኳ የምንወጣው አብረን ነበር።

በሐምሌ 2016 አንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ ምክትል ተሰንጥቆ አገኘሁትና በሽቦ ላስረው ወደ ቤት ወሰድኩት። አመሻሹ ላይ ከመምሪያዎ ተደውሎ በማግስቱ ጠዋት በዋናው ቢሮ አዳራሽ ለሥልጠና እንድገኝ ታዘዝኩ። የሥልጠናው ርዕስ "የሥራ ላይ ደህንነት" ነበር። በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ ስሜን እያስመዘገብኩ ሳለ ጥሩነህ፣ ለዕለቱ በእኔ ቦታ ከተተካለት ሠራተኛ ጋር፣ ከዘነበወርቅ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ ደወለልኝ።

"ምክትል የታለ?" አለኝ።

"ውይ፣ ቤት ቀርቷል" አልኩት።

"በቃ ተወው፣ አንዲት አምፖል ናት፤ እግሩ ሳይሰማ እወርዳለሁ" አለና ሳቀ።

እኔም እሺ አልኩት። አትውጣ ማለት እችል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፣ ቢቆጣ እንኳ እስከ ምሳ ይረሳው ነበር። እሺ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለሻይ ስንወጣ ስልኬ ጠራ። ጥሩነህ ቀበቶውን ታጥቆ ነበር፤ ይህን አጣሪ ቡድኑም መስክሯል። ቅርጫቱ ራሱ ሲወድቅ ግን ቀበቶ የሚያደርገው ሰውየውን ከቅርጫቱ ጋር አብሮ ማውረድ ነው።

በምርመራው ጊዜ ስለ እንጨቱ አልተናገርኩም። ጥፋቱ የመሬቱ ነው ሲባልም፣ ክቡር ሆይ፣ እፎይ አልኩ። የጥሩነህን ባለቤት ወይዘሮ ሰብሌን ከአርባው ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ቤቷ ከቤቴ ሦስተኛው ቅያስ ላይ ነው፤ እኔ ግን ታክሲ ለመያዝ በላይኛው በኩል እዞራለሁ። አንድ ቀን ከሩቅ አይታኝ እጇን ስታውለበልብ እንዳላየሁ ሆኜ ሱቅ ገባሁ፤ የማልፈልገውን ሳሙና ገዝቼ ወጣሁ።

6. ስድስተኛና የመጨረሻው፣ በየማለዳው የምሄድበት ስላገኙልኝ ነው።

ቁጥር አራት ጎኑ ተቃንቶ፣ አዲስ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ግንቦት ላይ አየር ጤና ጋራዦቹ ፊት ለፊት ሲሠራ አየሁት። በቅርጫቱ ውስጥ ራኬብ የምትባል ቴክኒሽያን ነበረች። ታች ሀምዱ የሚባል የመሬት ሠራተኛ ቆሟል። ፈጥኜ ወደ ቤት ተመለስኩና ምክትልን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ መጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እነሆ ስድስት ወር፣ ሥራ ባለበት ቀን ሁሉ መኪናው ወዳለበት እሄዳለሁ። ታክሲ ውስጥ "አባት፣ ማገዶ ነው?" ይሉኛል። የሥራ ባልደረባዬ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አጠገቤ ለመቀመጥ የሚሽቀዳደም የለም።

ራኬብ ገና ከሩቅ ስታየኝ "ጋሼ፣ ዛሬም ምክትልን ይዘውት መጡ?" ትለኛለች። ከሳምቡሳዋ ታካፍለኛለች፣ አንገቴን ሐኪም እንዲያየው ትጨቀጭቀኛለች። ስትወጣ ከሥር ሆኜ አያለሁ፤ የጫማዋ ሶል ገና አላለቀም። እንጨቱ ለምን እንደሚቆም ነግሬያታለሁ። ግን እንጨቱ እስካለ ድረስ መኪናው ስለማያዘነብል ያመነችኝ አይመስለኝም። እንዲያውም አንድ ቀን ለሀምዱ በቀስታ "ተዋቸው ያድርጉ፤ ሰው ናፍቋቸው እኮ ነው" ስትለው ሰማሁ። ጆሮዬ እንደ አንገቴ አልሆነም። አኮረፍኩ፤ ግን አልተሳሳተችም። መኪናው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሰበብ ፈልጌ እሄድ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ቅርጫቱ ወርዶ ራኬብ ምሳ ልትበላ በሄደችበት፣ እግሮቹ እንደተዘረጉ ምክትልን ነቅዬ በኋላ ግራ እግሩ ብረት ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ሀምዱን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓቱ ሳያልቅ መስመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ለካነው፤ አራት ጣት ሆነ። ሀምዱ፣ "አየሁት ጋሼ። ግን አይ ብዬ ከጻፍኩ ይበትኑናል። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ነው የለመድኩት" አለኝ።

ከእኔ በላይ ይህን የሚያውቅ ማን አለ? ሀምዱ ተነስቶ ምክትልን በገዛ እጁ አቆመ፣ ሽብልቁን አጠበቀ፣ ራኬብ ተመልሳ ሳታውቅ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ቅጹን ሲሞላ አየሁት። አዎ አለ። እንጨቱ ስድስት ወር ሙሉ የመኪናውን ወገብ ሲደግፍ፣ ለካ የእርስዎንም ቅጽ አብሮ ደግፎ ኖሯል። ጥሩነህን የገደለውን ዘዴዬን ለሌላ ሰው አስተማርኩ፤ ያውም በየቀኑ ታክሲ ተሳፍሬ እየሄድኩ።

ክቡር ሆይ፣

እንግዲህ የምለምነው አንዲት ነገር ናት። ቁጥር አራትን ወደ ግቢዎ ያስጠሩት። ማንም ሳይሳፈርበት፣ ያለ እንጨት፣ በደረቅ መሬት ላይ አራቱን እግሮች ያስዘርጉ። በኋላ ግራ እግሩ ላይ መስመር ያስምሩና ምሳዎን በልተው ይመለሱ። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም፣ ሥልጠናም አያስፈልግም። ለጠመኔ ግዢ ጨረታ ማውጣት እንዳያስቸግርዎ አንድ ፍሬ በአባሪ ልኬአለሁ።

መስመሩ ካልገባ ፊርማዬ እውነት ነበር፣ እኔም ያረጀ ቀባጣሪ ነኝ ማለት ነው፤ የምስክር ወረቀቴንም መልሰው ይላኩልኝ። ከገባ ግን መኪናው ይቆማል። ያን ጊዜ ራኬብንና ሀምዱን አትበትኗቸው፤ አንድ ሌላ መኪና ላይ አብረው ይመደቡ። ሰው ባልደረባውን እንዳያጣ ፈርቶ እውነቱን የሚደብቅበትን ልማድ ማስቀረት በመዝጊያ ብረት ቅያሪ ውስጥ ባይካተትም፣ ፋብሪካው የሚቃወም አይመስለኝም።

እኔን በተመለከተ፣ መኪናው ከቆመ ከቤት የምወጣበት ምክንያት አይኖረኝም። ዛሬም መጡ የሚለኝ፣ ሳምቡሳ የሚያካፍለኝ፣ ጋሼ የሚለኝ ሰው አይኖርም። ከጥሩነህ ወዲህ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነበር። ለስድስት ወር ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ የቆየሁትም፣ በቢሮዎ ስለተስተናገድኩበት ሁኔታ ቂም ይዤ አይደለም፤ ይህ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። አሁን ግን ይቅርብኝ።

በራስዎ፣ በመምሪያዎና በአሥራ አንዱ መኪኖችዎ ላይ ጽኑ ቁመት እንዲጸና ከልቤ እየተመኘሁ፣

የቁጥር አራት የቀድሞ የመሬት ሠራተኛ፣
የስድስት ዓመት እንከን የለሽ መዝገብ ባለቤት፣
በሥራ ላይ ደህንነት የሠለጠንኩ፣
በአክብሮት እጅ የምነሳዎት፣

ባምላኩ ወልደሰንበት

አባሪ፦ አንድ የምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ፤ አንድ ፍሬ ነጭ ጠመኔ፤ ግማሽ የጽድ ጉማጅ

ግልባጭ፦
ለመምሪያው መዝገብ ቤት፣ ማስቀመጥ ያውቁበታልና እንዲያስቀምጡት
ለሀምዱ፣ እንዳይቀየመኝ
ለራኬብ፣ ከሀምዱም ከእኔም ቀድማ ማወቅ ይገባት ለነበረችው
ለወይዘሮ ሰብሌ፣ ዛሬ በታችኛው መንገድ ሄጄ በእጄ የማደርሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአባሪው ውስጥ ስለተጠቀሰው ግማሽ ጉማጅ እንዳይደናገጡ። ዓርብ ዕለት ምክትል ሽቦውን በጥሶ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ከአባቴ ቤት የተረፈ ሌላ እንጨት የለኝም። ግማሹን ለዘብዎ አስረክቤያለሁ፤ የሻይ ክበቡን በር ለመደገፍ ይበቃል። ቁጥር አራት እስከ ረቡዕ ጎማ ለመቀየር ጋራዥ እንደሚቆይና ሐሙስ ከአየር ጤና እስከ ዘነበወርቅ አሥራ አራት አምፖል እንዲቀይር መታዘዙን ከሀምዱ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ራኬብ ጨቅጭቃ ባስያዘችኝ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት አንገቴን ልታይ ሆስፒታል እገባለሁ። በዚያ መኪና ሥር መቆም ከጀመርኩ ወዲህ ሥራ ላይ ሳልገኝ የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑን ከመዝገብዎ ያገኙታል። ሁለተኛው ቀን ሐሙስ ነው።